ውዳሴ ቀጠሮ

«በዚህ አገር በሰዓቱ የሚሰጥ ነገር የለም» የሚል ሰው ልደታ ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ክርክሩ ሊቀር ይችላል፤ ምስክሩ ሊቀር ይችላል፤ ዳኛውም ሊቀሩ ይችላሉ። ቀጠሮ ግን ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ተከሳሽ ብቻ ያለበት መዝገብ ምስኪን ነው። ሰውየው ቀረበ፣ ጠበቃው ተናገረ፣ ምስክር ተሰማ፣ አለቀ። ምን ጣዕም አለው? ቀጠሮ ወግ ማዕረግ የሚያየው ከ1ኛ እስከ 20ኛ ተከሳሽ በአንድ ክስ ሲሰለፍ ነው። አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን በኩታ ጫፍ አስረው ዳኛ ፊት ይሰዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። እኛ አሻሻልነው። ከሳሹን ፈትተን ተከሳሽን ከተከሳሽ አቆራኘን።

ሒሳቡን እንሥራ። እያንዳንዱ ተከሳሽ ከነጠበቃው ከ20 ቀጠሮ በ19ኙ ተሟልቶ ይቀርባል እንበል። እንዲህ ያለ ሰው ለዕቁብ ሰብሳቢነትም ይታጫል። ሃያዎቹ በአንድ ቀን የሚሟሉት ግን ከ100 ቀጠሮ በ36ቱ ገደማ ብቻ ነው። ሦስቱን ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ አስተርጓሚውንና የማረሚያ ቤቱን መኪና ገና አልቆጠርንም።

ጥበቡ ከክሱ አጻጻፍ ይጀምራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 111 እና 112 ወንጀሉ መቼና የት እንደተፈጸመ፣ ተከሳሹ በሚገባው መንገድ ይገለጽ ይላል። የሠለጠነ ክስ ጸሐፊ በዚህ አይጨናነቅም። «ቀኑ በውል ባልታወቀ ጊዜ» ይላል፤ «ለጊዜው ካልተያዙ ግብረ አበሮቻቸው ጋር» ይላል፤ ከላይ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 32(1)(ሀ)፣ «ዋና ወንጀል አድራጊ» የሚለውን፣ እንደ ሚጥሚጣ ይነሰንስበታል። 14ኛ ተከሳሽ 60 ገጽ አገላብጦ ስሙን ሁለት ቦታ ያገኘዋል። አንደኛው አድራሻው የተጻፈበት ነው።

ክሱ ለእያንዳንዳቸው ይደርስ ዘንድ ግድ ነው። ኮፒው 17 ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጠሮ። 7ኛ ተከሳሽ «አማርኛ አልሰማም» ካለ አስተርጓሚ እስኪገኝ፣ ቀጠሮ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይመድባል፤ ጠበቃው መዝገቡን አይቶ 3ኛና 11ኛ ተከሳሽ አንዱ በአንዱ እንደሚያሳብቡ ሲረዳ «ሁለቱን መወከል አልችልም» ይላል። ልክ ነው። ቀጠሮ።

የመዝገቡ ጌጥ ግን ያልተያዙት 16ኛና 17ኛ ናቸው። ፖሊስ ይዞ ያቅርብ ተብሏል። ትእዛዙ ይተየባል፣ ይፈረማል፣ የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ የሚወስደው ሰው ይጠፋል። በቀጠሮው ቀን ፖሊስ «ትእዛዙ አልደረሰንም» ይላል። ሁለተኛው ደብዳቤ ይደርሳል፤ መልሱ «በአድራሻቸው ፈልገን አጣናቸው» ነው፤ ይኸኛውም ቁጥርና ማኅተም አለው። ቀጥሎ በጋዜጣ ይጠራሉ። ጥሪው የወጣበት ጋዜጣ ከመዝገቡ ጋር ካልተያያዘ እንዳልተጠሩ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንድ ቀጠሮ ጋዜጣውን ለመጠበቅ ብቻ ይሰጣል። «በሌሉበት ይታይ» እስኪባል ድረስ፣ በእስር ያሉት 18 ሰዎች በነጻ የሚንሸራሸሩትን 2 ሰዎች ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለ ወንድማማችነት ከቤተ ዘመድ መካከል እንኳ አይገኝም።

ቀጥሎ የክስ መቃወሚያ ይመጣል። ግማሾቹ ጠበቆች በጽሑፍ አምጥተዋል፤ ግማሾቹ ጊዜ ይሰጠን ይላሉ። ሁሉም ሲገባ ዐቃቤ ሕጉ መልስ ለማዘጋጀት በተራው ጊዜ ይጠይቃል። ከዚያ «መዝገቡ ሰፊ በመሆኑ ብይኑ ተሠርቶ አልደረሰም» ይባላል። መዝገቡን ማን አሰፋው ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ አይጠፋም።

ደግነቱ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130(2) ማምለጫ ትቷል፤ ከሌሎች ጋር መከሰሱ መከላከያውን የሚያውክበት ሰው ጉዳዩ ተነጥሎ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። 19 ባልንጀሮቹን ጥሎ ብቻውን ወደ ብይን ሊሄድ! ዐቃቤ ሕጉ ይህን ጭካኔ አይቀበልም፦ «ማስረጃው አንድ ነው፣ ምስክሮችን ሁለት ጊዜ ማመላለስ ይሆናል» ይላል። አንዴም በቅጡ ላልመጡ ምስክሮች እንዲህ ማዘን ደግነት ነው።

ምስክር የሚሰማበትን ቀን ጠጋ ብለን እንየው። ቀጠሮው ለ3:00 ሰዓት ነው። በ5:20 ተከሳሾቹ ገብተው አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ የተረፉት ይቆማሉ። ስም ይጠራል። 9ኛ የለም፤ ያው መኪና ሌላ ቀጠሮ አለው ብሎ ሐኪም ቤት አድርሶታል። ጸሐፊዋ ጣቷ ለምዶታል፤ «መዝገቡ ለዛሬ የተቀጠረው ቀሪ ምስክሮችን ለመስማት ነበር» የሚለውን ዳኛው ሳይጨርሱ ጨርሳዋለች። ያቺ «ነበር» የአማርኛን ግማሽ ሐዘን ተሸክማለች። ኮሪደር ላይ ከጎንደር በአውቶቡስ የመጣ ምስክር ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያለ መጥሪያ እንዲቀርብ ተነግሮት፣ ፈርሞ ይመለሳል። የተሰሙት ምስክሮች ቃል ደግሞ በድምፅ ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ወደ ጽሑፍ እስኪገለበጥ ሌላ ቀጠሮ፣ ግልባጩ ውስጥ «አይሰማም» የሚል ቦታ ሲበዛ ሌላ።

ሐምሌ ሲደርስ ሥራው ይቀላል። ፍርድ ቤቶቹ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ስለሚዘጉ ቀጠሮ ሁሉ ጥቅምትን ይመርጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው «ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ» ይሰማ ይላል። አጭር ሲባል ከምን አንጻር እንደሆነ አልጻፈም። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በታኅሣሥ 1987 መሰማት ጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የመጣው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ 1ኛው ተከሳሽ 12ቱን ዓመት ዚምባብዌ ሆኖ ጠበቀ። በሚያዝያ 2006 በተያዙት የዞን 9 ጦማሪያን መዝገብ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ክሳቸው ቀደም ብሎ ያልተቋረጠላቸውን ቀሪ ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነጻ ሲያደርጋቸው መከላከያ ማሰማት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ያን ሁሉ ቀጠሮ የተመላለሱት «ይህን ክስ መከላከል አያስፈልጋችሁም» ለመባል ነው። ሰው ለዚህ ያህል ሲደከምለት ማመስገን ይገባዋል።

የእኛም 14ኛ ተከሳሽ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ 10:00 ላይ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት በነጻ ይሰናበታል። እናቱ እልል ትላለች፤ ፖሊሱ ዝም ያሰኛታል። የመፍቻ ትእዛዝ ይጻፍ ይባላል። ይተየባል፤ የሚፈርመው ወጥቷል፤ ይጠራል፤ ይፈርማል፤ ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ይፈለጋል፤ ይገኛል። ደብዳቤው ማረሚያ ቤት ሲደርስ ጨልሟል። የመጨረሻው መስመር «በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ይፈታ» ይላል። ያን የሚያጣራው ሠራተኛ የሚገባው ሰኞ ነው።