ጥንታዊ ከተማ ለማየት የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ለሌላ አይስጥ

ባለፈው ሰሞን ካናዳ የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። እኛ እቴቴ ነው የምንላት። ጅማ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር የመርከብ ጉዞ ሊሄዱ ነው። መርከቧ ከግሪክ ትነሳለች። ቱርክ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ኔፕልስን ነክታ ሮም አቅራቢያ ጉዞዋን ትጨርሳለች። እቴቴ ግን ገንዘቧን ያወጣችው ለባሕሩ አይደለም። አቴንስን፣ ኤፌሶንን፣ ፖምፔን በዓይኗ ለማየት ነው።

ጥያቄዋ ይሄ ነበር፤ «መርከቡ ራሱ በአውቶቡስ ወስዶ አስጎብኝቶ ይመልሳል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ልክፈል ወይስ ከጓደኞቼ ጋር ራሳችን እንሂድ? አንተ የታሪክ አስተማሪ ነህና ቁርጡን ንገረኝ።»

በስልክ የመለስኩላት ጥቂት ነው። እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። በመርከብ ሄጄ አላውቅም። ግን ጥንታዊ ቦታን በቡድን ማየትና በራስ ሰዓት ማየት ምን ያህል እንደሚለያይ ከጅሬን ተምሬአለሁ።

ጅሬን ከጅማ መሀል ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለአፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ኖሩ። በዘመናቸው ዛሬ የጅማ ከተማ ባለችበት ስፍራ የሚውለው የሐሙሱ የሂርማታ ገበያ ከሰሜንም ከደቡብም ነጋዴ ይስብ ነበር። ዛሬም የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው።

በየበዓሉ ከአዲስ አበባ የቡድን ጉዞ ይመጣል። ሰዎቹ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘዋል። የግቤን ሸለቆ ወርደው ወጥተዋል። ደክሟቸዋል። ጅሬን ሲደርሱ አስተባባሪው «አርባ ደቂቃ አላችሁ» ይላል። አስሩ ደቂቃ ትኬት በመቁረጥ ያልቃል። አስሩ ደግሞ ፎቶ በመነሳት። ከዚያ ሁሉም ተንጋግቶ ይገባል፣ ተንጋግቶ ይወጣል። ስለ ንጉሡ ቁመት ይወራል፤ ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበሩ ነው የሚነገረው። እሱን ሰምተው ይስቃሉ፣ አውቶቡስ ውስጥ ይገባሉ፣ ይሄዳሉ።

እኔ ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ጠዋት ነው የምንወጣው። ባጃጅ ኮንትራት እንይዛለን፤ አንዳንዴም በእግራችን እንወጣለን። መጀመሪያ ምንም አላስረዳቸውም። ዝም ብለው እንዲዞሩ እተዋቸዋለሁ። የእንጨቱን ሥራ በእጃቸው ጠጋ ብለው ያያሉ። ሰገነቱ ላይ ቆመው ጅማን ቁልቁል ያያሉ። ከዚያ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። «ቲቸር፣ ንጉሡ ለምን ከገበያው ርቀው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ?» ይለኛል አንዱ። ይህ ጥያቄ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አይወለድም። አሮጌ ቤት ቶሎ አይናገርም፤ ትንሽ አጠገቡ መቀመጥ ይፈልጋል።

በራሴም ደርሶብኛል። ከጦርነቱ በፊት፣ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር አክሱም ሄጄ ነበር። ለዓመታት ያስተማርኩት ቦታ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከሮም የተመለሰውን ሐውልት ቆሞ ላየው ጓጉቻለሁ። 33 ሜትር የሚሆነው፣ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይስበኛል። ዙሪያውን ቀስ ብዬ መሄድ፣ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ማየት ነበር ሐሳቤ። ገና በአንድ ጎኑ ሳልፍ ስማችን ይጠራ ጀመር። «ምሳ ታዟል፣ ቶሎ በሉ!» ተባልን። ምሳው ቦታ ስንደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አለቀቀኝም። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። ያን ያህል መንገድ ሄጄ የሐውልቱን ሌላኛውን ጎን ሳላይ መመለሴ ነው።

ስለዚህ ለእቴቴ ያልኳት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። የምትገዢው አውቶቡስ አይደለም። ሰዓትሽን ለሌላ ሰው እየሰጠሽ ነው። የምትሰጪበት በቂ ምክንያት አለሽ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የመርከብ ነገር ከአውቶብስ ይለያል። መርከቡ ያዘጋጀው ጉብኝት መንገድ ላይ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራስሽ ሄደሽ ከዘገየሽ ግን ጥሎሽ ይሄዳል። ከዚያ በራስሽ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ መከተል ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ስልሳ ዓመት ላለፈው ሰው።

ለኔ ዋናው መለኪያ ከወደቡ እስከ ፍርስራሹ ያለው ርቀት ነው። ለምሳሌ ግብፅ ላይ መርከብ እስክንድርያ ቢቆምና ሰው የጊዛን ፒራሚዶች ማየት ቢፈልግ፣ መንገዱ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቀይ ባሕሩ የሳፋጋ ወደብ እስከ ጥንታዊቷ ሉክሶርም እንደዚያው ነው። እዚያ ላይ የመርከቡን ጉብኝት ግዙ እላለሁ፣ ያለ ክርክር። ርቀቱ አጭር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የእቴቴ መንገድ አጫጭር ነው። አቴንስ ላይ ጥያቄም የለውም። መርከቧ የምትነሳው ከፒሬየስ ወደብ ነው። አንድ ቀን ቀድማ ትግባ፣ አቴንስ ትደር። ከፒሬየስ ከተማው መሀል ድረስ ሜትሮ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የጥንቶቹ ቤተ መቅደሶች ያሉበትን ኮረብታ፣ አክሮፖሊስን፣ ጠዋት በማለዳ ትውጣ። አሁን መግቢያው በሰዓት የተከፋፈለ ነው፤ በቀን ከ20,000 ሰው በላይ አያስገቡም። ትኬቱን ቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። በበጋ ሙቀቱ ሲያይል እኩለ ቀን ላይ የሚዘጉበት ጊዜም አለ።

ኤፌሶን ላይ ግን ረጅም ሰዓት አወራን። ለእቴቴ የጉዞው ልብ እሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸው ሰዎች ከተማ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ሕዝቡ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ የጮኸበት ቲያትር ዛሬም አለ። ወደ 25,000 ሰው ይይዝ ነበር። እቴቴ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ምዕራፉን ማንበብ ትፈልጋለች። የትኛው አውቶቡስ ነው ይህን የሚጠብቃት?

መርከቡ የሚቆመው ኩሻዳሲ በሚባል የቱርክ ወደብ ነው። ከዚያ እስከ ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዶልሙሽ የሚባል ሚኒባስ አለ። ቃሉ በቱርክኛ «የሞላ» ማለት ነው፤ እንደኛ ታክሲ ሲሞላ መሄድ ነው ነገሩ። ይሁን እንጂ የእቴቴ ጉልበት ያማታል። ከተማዋ ደግሞ ተዳፋት ናት። መንገዱ የሚያንሸራትት እብነ በረድ ነው። የመርከቡ አውቶቡሶች ሰውን በላይኛው በር ያወርዱትና በታችኛው በር ይቀበሉታል። ሰው ቁልቁል ብቻ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም።

ግን ያው አገልግሎት ሌላ መንገድ አለው፤ ኮንትራት! እነሱ አራት ሴቶች ናቸው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መኪና ካለው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ላይኛው በር ያውርዳቸው፣ ታችኛው በር ይጠብቃቸው። ወጪውን ለአራት ሲካፈሉት ከመርከቡ ዋጋ ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን የራሳቸው ነው። ብዙ የቡድን ጉብኝት መጨረሻው ላይ ምንጣፍ ቤት ወይም የቆዳ ሱቅ ያስገባል። ያን ጊዜ ቲያትሩ ላይ ቁጭ ይበሉበት። የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ይቁሙበት። ያ ሕንፃ የተሠራው በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ፤ ኤፌሶን ወደብ ነበረች። ወንዙ ደለል እያመጣ ወደቧን ደፈነው፣ ባሕሩም ራቃት። ዛሬ በመርከብ የሚመጣ ሰው ሌላ ከተማ ወርዶ በመኪና የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጥብቅ ምክር ሰጥቻታለሁ። መርከብ ላይ የሚሠራበት ሰዓትና የአገሩ ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ። የእጅ ሰዓቷን ከመርከቡ ጋር ታስተካክል፤ ስልክ በራሱ ስለሚቀያየር አትመነው። መመለሻ ተብሎ ከተነገረው ሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀድማ ወደብ ትድረስ።

ፖምፔ ላይ ሐሳቤ ተለየ። ከኔፕልስ ባቡር አለ፣ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ጣቢያው ከበሩ አጠገብ ነው። ወጣት ብትሆን በባቡር ሂጂ እላት ነበር። ባቡሩ ግን ይጨናነቃል፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋበትም። በ79 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው ከተማ ስፋቷ 66 ሄክታር ነው። ያለ መሪ የገባ ሰው ይጠፋባታል። እዚያ ላይ የመርከቡን ትግዛ። አንዱን ቀን ለሌላ ሰው ብትሰጥ አይከፋም፤ ሦስቱንም ስትሰጥ ነው ጉዞው የሷ የማይሆነው።

የቡድን ጉብኝትን የሚደግፉ ሰዎች «ያለ አስረጂ ድንጋይ ድንጋይ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ጅሬንም ያለ አስረጂ ብዙ ነገሩ ያመልጣል። ግን አስረጂና አውቶቡስ አንድ ላይ መሸጥ የለባቸውም። የአካባቢውን ልጅ ቀጥረህ ቀስ ብለህ ስትሄድ አስረጂም ሰዓትም አለህ። ገንዘቡም እዚያው አካባቢ ይቀራል።

ለኛ አስጎብኚዎችም የምለው አለ። ሰው ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ አምጥታችሁ ጅሬንን በአርባ ደቂቃ አታስጨርሱት። ግማሽ ቀን ስጡት። ቤተ መንግሥቱ በቅርብ ዓመታት እድሳት ተደርጎለታል፣ የሚታይ ነገር አለው። ፕሮግራሙ ከጠበበ ከምሳው ሰዓት ቀንሱ።

ከሁሉም የነካኝ ስልኩን ልንዘጋ ስንል እቴቴ ያለችው ነው። «ጅሬንን እኮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ ከትምህርት ቤት ጋር። ተሰልፈን ገባን፣ ተሰልፈን ወጣን።» ጅማ ያደገች ልጅ! ለገና ስትመጣ ይዣት ልወጣ ቀጠሮ ይዘናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በባጃጅ፣ እስከ በሩ። መመለሻ ሰዓት አልቆረጥንም።