ዊንስተን ተሸነፈ ወይስ አስመሰለ?

የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ላላነበበ ሰው ባጭሩ። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ዊንስተን ስሚዝ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ሥራው የድሮ ጋዜጣ ማረም ነው፤ ፓርቲው ዛሬ ከሚለው ጋር የማይገጥመውን ሁሉ እንዲገጥም አድርጎ እንደገና ይጽፈዋል፣ የቀድሞው ይቃጠላል። ይህ ሰው በድብቅ ማስታወሻ መጻፍ ይጀምራል፣ ጁሊያ ከምትባል ሴት ጋር ፍቅር ይይዘዋል፣ ይታሰራል፣ ይገረፋል፣ በመጨረሻ ክፍል 101 የሚባለው ማሰቃያ ይገባል። ታሪኩ የሚያልቀው ዊንስተን «ታላቁ ወንድም» የሚባለውን የፓርቲውን መሪ ከልቡ ወድዶ ነው። ክርክሩ እዚህ መጨረሻ ላይ ነው። መንግሥት ሰው ጭንቅላት ውስጥ እስከዚህ ድረስ ሊገባ ይችላል? ጡረታ የወጡት የማተሚያ ቤት አራሚ ጋሽ ታደሰ አይችልም ይላሉ። የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ ሶስና ይችላል ትላለች።

ጋሽ ታደሰ፦

መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተናድጄ ነው የዘጋሁት። ሰውዬው መጻፍ ይችላል፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። የቸኮሌቱን ነገር ብቻ እንይ። ራሽኑ ከ30 ግራም ወደ 20 እንደሚወርድ ይነገራል። በማግስቱ ደግሞ ወደ 20 ከፍ ስላለልን እናመሰግናለን የሚል ሰልፍ ወጣ ተብሎ በዜና ይለፈፋል። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ለሁለት ኪሎ ስኳር ቀኑን ሙሉ የተሰለፈ ሰው ይገባዋል።

ችግሬ ከዚያ በኋላ ነው። ኦርዌል ሰዉ አመነው ይለናል። የዊንስተን ጎረቤት ፓርሰንስ ዋጥ አደረጋት ይላል። እኔ ደግሞ ሰው እንዴት እንደማያምን በዓይኔ አይቻለሁ።

በ1969 እና በ70 ዓ.ም. ሰፈራችን ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም። አንድ የታክሲ ሹፌር ጎረቤት ነበረኝ። ስብሰባ ላይ ያሰበውን ነበር የሚናገረው፣ ቢመከርም የሚሰማ ሰው አልነበረም፣ በዚያው ክረምት እርምጃ ተወሰደበት። ሌሎቻችን ግን ጨዋታው ገብቶናል። ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ፣ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» አጠገቤ ሁልጊዜ የሚቆም አንድ ሸማኔ ነበር። ጡጫው ከሁላችን እኩል ይወጣል፣ ከንፈሩ ከሁላችን እኩል ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ጆሮዬን ጠጋ አደረግኩ። ዳዊት እየደገመ ነው! «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» ይላል፣ በየሐረጉ ጡጫውን እያወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባውን መፍራት ባላቆምም ከቁም ነገር መቁጠሩን ግን ተውኩት።

ስለዚህ ዊንስተን ሁለት ሲደመር ሁለት አምስት ነው ማለቱ አይገርመኝም። ውስጥ እግሬን ከገረፉኝ እኔም እላለሁ፣ ሰባት በል ካሉኝም ሰባት። ማታ ከባለቤቴ ጋር መብራት ስናጠፋ ግን አራት ነው። ኦርዌል ይቺን ማታ ከሰው ነጠቃት። ለአምባገነኑም ያልነበረውን ጉልበት በነፃ ሰጠው። አንባቢው መጽሐፉን የሚዘጋው «በቃ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ነው፤ ይሄን ትምህርት ደግሞ የትኛውም አምባገነን በራሱ ወጪ ያሳትመዋል።

ሶስና፦

ጋሼ፣ በሸማኔው ቀናሁ። እንዲህ ያለ ሰው ልብወለድ ውስጥ ቢገባ ደራሲው አበዛኸው ይባል ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የእርስዎ ክርክር መጽሐፉ ውስጥ አለ። የምትናገረው ጁሊያ ነች። ቀን ቀን የፓርቲው ምርጥ ወጣት ነች፣ ቀይ መቀነቷን ታጥቃ ሰልፍ ትወጣለች፣ ከማንም በላይ ትጮኻለች። ከዚያ ውጪ የራሷ ነች። ያሻቸውን ሊያስለፈልፉህ ይችላሉ፣ እንድታምን ማድረግ ግን አይችሉም፣ ውስጥህ አይገቡም ትለዋለች። የእርስዎ ማታ ማለት ይሄው ነው። ዊንስተንም ይስማማል። ከዚያ ኦርዌል ሁለቱንም ወስዶ ምን እንደሚሆኑ ያሳየናል።

የት ላይ ነው የተሰበሩት? ሰው ሁሉ ሁለት ሲደመር ሁለትን ስለሚጠቅስ ዋናው ይረሳል። ክፍል 101 ውስጥ የተራቡ አይጦች ያሉበት ሳጥን ወደ ፊቱ ሲቀርብ ዊንስተን ስለ ቁጥር አንድም ነገር አይልም። እኔን ተውኝና ጁሊያ ላይ አድርጉት ብሎ ነው የሚጮኸው። ያን ጊዜ ደግሞ እያስመሰለ አይደለም፣ ከአንጀቱ ነው። በኋላ በማርች ብርድ አንድ መናፈሻ ውስጥ ይገናኛሉ። እሷም እንደከዳችው ትነግረዋለች፣ እሱም ይነግራታል፣ ይለያያሉ። ያቺ መብራት ጠፍቶ ሁለት ሲደመር ሁለት አራት የሚሆንባት ማታ እኮ አብሮ የሚተኛ ሰው ትፈልጋለች ጋሼ። የወሰዱበት እሱን ነው።

ደግሞስ የአምባገነን ዋና ሥራ ማሳመን ነው ያለው ማነው? ሸማኔው ዳዊት እየደገመም ጡጫው ወጥቷል። መድረክ ላይ የቆመው ሰው የሚቆጥረው ጡጫ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦

ልጄ፣ ጡጫ ነው የሚቆጥሩት ካልሽ መልሱን ራስሽ ሰጠሽኝ። ጡጫ የሚቆጥር ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን አያውቅም። ቻውሼስኩን አስታውሺ። ሩማንያን 24 ዓመት ገዛ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1989 ቡካሬስት ውስጥ በረንዳ ላይ ወጥቶ ንግግር ጀመረ። ሕዝቡ ያው ከየፋብሪካው ተጭኖ የመጣ፣ ሲያጨበጭብ የኖረ ሕዝብ ነው። መሃል ላይ ጩኸት ተነሳ፣ ከዚያ ፉጨት። ሰውዬው እጁን እንዳነሳ ቀረ። ቪዲዮውን ካላየሽው ፈልገሽ እዪው፣ ፊቱን ብቻ። ጭብጨባው ከልብ መስሎት የኖረ ሰው ፊት ነው። ከአራት ቀን በኋላ ተረሸነ።

ለኔ ከሁሉ ሐቀኛው ሩሲያዊው ዛምያቲን ነው። «እኛ» የሚለውን ልብወለድ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1920 እና 21 ነው፣ ስታሊን ገና ሥልጣን ሳይጨብጥ። እዚያ አገር ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው። ሰው ስም የለውም፣ ቁጥር ነው፤ ባለታሪኩ ዲ-503 ይባላል። መጋረጃ ለማውረድ እንኳ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ይሄም ሁሉ ሆኖ አልበቃም! መጨረሻ ላይ መንግሥቱ ሰዉን እየወሰደ ምናብ የሚፈልቅበትን የአንጎል ቦታ በጨረር ያቃጥላል። አየሽ፣ ዛምያቲን ሐኪም ካልገባበት እንደማይሆን ገብቶታል። ኦርዌል ይህን መጽሐፍ አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፎበታል፣ የጨረሩንም ነገር እዚያው ጠቅሶታል። ልጅ ሆኖ ፈረንሳይኛ ያስተማረው አልዶስ ሃክስሊም ቢሆን «1984» ሲወጣ ደብዳቤ ጽፎ፣ የሰው ፊት በቦት እየረገጡ መግዛት ለዘላለም መዝለቁን እንደሚጠራጠር ነግሮታል።

የኛንም ልጨምር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ሰው ደብቆ እየተዋዋሰ አነበበው። ዛሬ መጽሐፍ መደብር ገብተሽ ትገዢዋለሽ። ያሰበሰቡት የት አሉ?

ሶስና፦

በዓሉ ግርማስ የት አለ ጋሼ? የካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ፈረንጆቹ ያንን ዓመት ምን ብለው እንደሚጠሩት ያውቃሉ፤ 1984። ይሄንንም ደራሲ ቢፈጥረው ይታማ ነበር። መጽሐፉ ተረፈ፣ ሰውዬው አልተረፈም፣ የኔ ጥያቄ ደግሞ ስለ ሰውዬው ነው።

ሃክስሊን ባያነሱት ይሻል ነበር። የተጠራጠረው ቦቱን ነው። እዚያው ደብዳቤ ላይ ሰዉ ባርነቱን ወድዶ እንዲኖር ማድረግ እንደሚቻል፣ ከመግረፍም እንደሚሻላቸው ይናገራል። ምስክርዎ ለኔ መሰከረ።

አሁን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ድፍረት ልናገር። የመጀመሪያውን ጽሑፍዎን ደግሜ ሳነበው አንድ ቦታ ቆምኩ። ስለ ታክሲ ሹፌሩ ጎረቤትዎ ምን ብለው ነው የጻፉት? «እርምጃ ተወሰደበት።» ማነው የወሰደው? ምን ዓይነት እርምጃ? ተደብድቦ ነው? ከሥራ ተባርሮ ነው? እኔ በዚያ ዘመን አልተወለድኩም። ግን ምን ማለትዎ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፣ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ሙሉ ስሙ «ነፃ እርምጃ» ነበር። ነፃ ጥሩ ቃል ነው። እርምጃም ጥሩ ቃል ነው፣ ሕፃን ዳዴውን ትቶ ሲቆም የምንለው። ሁለቱን አጋቡና ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ገድሎ መንገድ ላይ መጣል ማለት አደረጉት። ኦርዌል ኒውስፒክ ያለውን ቋንቋ ሲፈጥር የታየው ቃል የሚቀንስ ቢሮ ነው፤ ሳይም የሚባለው ገጸ ባሕርይ የመዝገበ ቃላቱ ቃላት እየተመነጠሩ ሲያልቁ ደስታው ነው። እኛ ጋ መመንጠር አላስፈለገም። በነበረው ቃል ሠሩበት።

እርስዎ አራሚ ነዎት። ዕድሜ ልክዎን የሰው ቃል ሲያቃኑ የኖሩ ሰው። እነዚያን ሰዎች እንደማይወዷቸውም አውቃለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ግን የእነሱ ነው፣ ገዳይ የሌለበት። ከ40 ዓመት በላይ አልፎ፣ ማንም ሳያስገድድዎ፣ ቤትዎ ቁጭ ብለው ጻፉት። ውስጥዎ ካልገባ ከየት ወጣ?

አባቴም ያው ነው። ስለዚያ ዘመን ስጠይቀው መጀመሪያ ተነስቶ መስኮት ይዘጋል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ጽሑፌን በወረቀት አሳትሜ እንደ ድሮው ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ያቺ ቃል ስር አሰመርኩ። ከላይዋ የምጽፈው ግን ጠፋኝ። «ሞተ» ልል ነበር፣ እሱም ልክ አይደለም። «ተገደለ» አልኩ፣ እሱም ያው ገዳዩን ይደብቀዋል። ለአንዲት ቃል ይሄን ያህል ተቀምጬ አላውቅም።

በዋናው ነገር ግን አልተረታሁም። «1984» መጨረሻው ላይ ስለ ኒውስፒክ የሚያወራ አባሪ አለው። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ አራሚ ግን አይዘልም። አባሪው የተጻፈው በደህናው እንግሊዝኛ ነው፣ የሚያወራውም በ«ነበር» ነው። የአገሩ ቋንቋ ኒውስፒክ ነበር ይላል። ማነው የጻፈው? መቼ? ነበር ለማለት ነገሩ ማለፍ አለበት። ኦርዌል ያቺን በር ሆን ብሎ ገርበብ አድርጎ የተዋት ይመስለኛል፤ በዚህ ላይ እንደኔ የሚያስቡ ሌሎችም አሉ። እና አንቺ ሳትወለጂ የተሠራ ቃል ከኔ አፍ ላይ በሁለተኛ ንባብ ያዝሽው። እኔ ዘንድ ገብቷል፣ እሺ። አንቺ ዘንድ ግን አልገባም። ጭንቅላት ሁሉ ተይዞ ቢሆን ማን ይይዘኝ ነበር?

የአባትሽን መስኮት መመለስ አልቻልኩም። እኔም ስልክ ሳወራ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንኳ ቢሆን፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። እሱን እንደፈለግሽ ቁጠሪው።

ማተሚያ ቤት ሳለን መጽሐፉ ከተጠረዘ በኋላ ስህተት ስናገኝ ትንሽ ወረቀት አትመን መሃሉ እንከት ነበር። ይቺንም እንደዚያ ያዥልኝ።

እርማት፦ በመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ጎረቤቴ «በዚያው ክረምት እርምጃ ተወሰደበት» የሚለው «በዚያው ክረምት ገደሉት» ተብሎ ይነበብ።