ሳታነቡ አትከራከሩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

የሰሜን ሸዋ ልጆች ነን። ታሪክ እንወዳለን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ስለ ነገሥታቱ ስንከራከር ድምፃችን ጣሪያ ይነካል። ዘርዓ ያዕቆብ እንዲህ ነበሩ፣ ሣህለ ሥላሴ እንዲያ አደረጉ፣ ምኒልክ እንዲህ አሉ። አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲረግም ይመሻል። እስቲ ልጠይቃችሁ። የዘርዓ ያዕቆብን ዜና መዋዕል አንድ ገጽ ያነበበ ከመካከላችን ማን ነው? ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ስለ ምኒልክ የጻፉትን ገልጦ ያየስ?

በሰው አፍ ነው የምንከራከረው። አንዱ ከቪዲዮ የሰማውን ይዞ ይመጣል። ቪዲዮውን የሠራው ደግሞ ከሌላ ቪዲዮ ሰምቶ ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል ነበር። እኛ ሐሳቡን ትተን ስድብ እንጨምርበታለን።

የካቲት 23 ሲመጣ የምኒልክን የክተት አዋጅ ሁላችንም እንለጥፋለን። የምንለጥፈው ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም። አንዱ ጋ ቃል ተጨምሯል፣ ሌላው ጋ ጎድሏል። አዋጁ በገብረ ሥላሴ መጽሐፍ ታትሞ ተቀምጧል፤ ማመሳከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እዚያ ውስጥ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ በስሙ ተጠርቶ ታዟል። አያቶቻችንን በስም የጠራውን ዓረፍተ ነገር እንኳ ቆርጠን የምንጥል ሰዎች ነን።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የደብረ ብርሃን ነገር ነው። የከተማዋ ስም ከየት መጣ ቢባል ሕፃን ልጅ ይመልሳል። በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብርሃን ወረደ፣ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ልክ ነው፣ ዜና መዋዕሉም ይህንኑ ይላል። ከብርሃኑ በፊት የተጻፈውን ግን የሚነግረን የለም።

እኔ ልንገራችሁ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም አሉ ተብለው ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ከካህናቱ ጋር ተከራከሩ፣ አንመለስም አሉ። አፍንጫቸውና ምላሳቸው እንዲቆረጥ ተፈረደባቸው። በድንጋይም ተወገሩ። ቀኑ የካቲት 2 ነበር። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ በመስቀሉ በዓል ዕለት ብርሃን ወረደ። የወረደውም እነዚያ ሰዎች በተወገሩበት ቦታ ላይ ነው። ከየካቲት 2 እስከ መጋቢት 10 በጣታችሁ ቁጠሩ፣ 38 ቀን ይመጣላችኋል። ጸሐፊው ቀኑን ቆጥሮ፣ ቦታውን ለይቶ ነው የጻፈው።

ልብ በሉ፣ ይህን የጻፈው የንጉሡ ጠላት አይደለም። የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ብርሃኑን የሚያየው ንጉሡ ለሃይማኖት ቀንተው ያደረጉትን እግዚአብሔር እንደ ወደደላቸው ምልክት አድርጎ ነው። ስለዚህ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። የደበቅነው እኛ ነን። የሚያምረውን ግማሽ ይዘን ለልጆቻችን ነገርን፣ የሚከብደውን ግማሽ ዋጥ አደረግነው። አሁን አንድ ልጅ አድጎ ሌላውን ግማሽ ከሚጠላን ሰው አፍ ሲሰማ ምን ይላል? ዋሽታችሁኛል ይለናል። እውነቱን ነው።

የሌላኛው ወገን ቃልም አልጠፋም። ደቂቀ እስጢፋኖስ ገድላቸውን ጽፈዋል። ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ይላሉ። የሞቱትንም እንደ ሰማዕታት ነው የሚቆጥሯቸው። በሃይማኖቱ ነገር ማን ልክ ነበር የሚለውን እኔ አልዳኝም፤ ሊቃውንት አሉ። እኔ የምለው ሁለቱንም አንብቡ ነው። አንድ ነገር በሁለት ተቃራኒ ወገኖች ተጽፎ መገኘቱ ለስንት አገር የማይገኝ ሀብት ነው። እኛ ሁለቱንም ሳናነብ ተቀምጠናል።

«ግዕዝ አንችልም» ትሉኛላችሁ። ይህን ሰበብ የዘጉልን ሰው ደግሞ የራሳችን አገር ሰው ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የተወለዱት ሸንኮራ ነው። በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው እስከ ዕለተ ሞታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ኖረዋል። በዚያ ሁኔታ፣ በሰው አገር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍታችንን አንድ በአንድ መርምረው ምን ውስጡ እንዳለ ዘርዝረው አሳተሙ። የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ወደ አማርኛ መልሰው ያስነበቡንም እሳቸው ናቸው። ያረፉት በ2013 ዓ.ም. ነው። ለመሆኑ በሸንኮራና በምንጃር ስንት ወጣት ስማቸውን ያውቃል?

እሳቸው የሠሩባቸው ማይክሮፊልሞች መነሳት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። 9,000 ገደማ የብራና መጻሕፍት በፎቶ ተነሥተው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ባለ የገዳም ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። ከሸዋ አድባራት የተነሡት ብዙ ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ተለቅቀዋል። ተመዝግቦ ማንበብ ነጻ ነው። በየቀኑ ዳታ ገዝተን ስድድብ የምናይበት ስልክ የአያቶቻችንን ብራናም ያሳያል። ማንበብ ካቃተን ደግሞ ጎረቤታችን ያሉትን የኔታ እንጠይቅ። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው በየደብሩ ሞልቶ ሳለ አንድ ገጽ አንብቡልኝ ብሎ የሚሄድ የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው እያልኳችሁ አይደለም። ሰነድ የጻፈው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ጉዳይ አለው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ጣልያን ደብረ ሊባኖስ ላይ ያደረገውን ታውቃላችሁ። የግራዚያኒ ቴሌግራም 297 መነኮሳት ተረሸኑ ይላል። ቀጥሎ 129 ዲያቆናት ተገደሉ ብሎ ይጨምራል። ዲያቆናቱ የተገደሉት እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ እንገጫ ነው። ለረጅም ጊዜ ዓለም የያዘው ይህን የገዳዮቹን ቁጥር ነው። ኋላ ኢያን ካምቤል የሚባል ተመራማሪ በአካባቢው እየዞረ በሕይወት የነበሩትን ሽማግሌዎች ጠየቀ። የእነሱን ቃል ከሰነዱ ጋር ሲያስተያየው የሟቾቹን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 አደረሰው።

እስቲ አስቡት። እነዚያ ሽማግሌዎች እስኪጠየቁ ድረስ ያን ሁሉ ዓመት እኛው መካከል ነበሩ። ቡና አብረናቸው ጠጥተናል፣ ማኅበር አብረን በልተናል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው።

የመንዙ ዘረትም እንዲሁ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ጣልያን ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችን ከነቤተሰባቸው በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። የወጡትን ረሸናቸው። የአካባቢው ሰው አልረሳውም፤ ዋሻውን አመጸኛ ዋሻ ብሎ ይጠራዋል። የቀረነው ግን ጉዳዩን በሰፊው የሰማነው ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣልያናዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሩን ጦር መዝገብ አገላብጦ ወሬውን ካወጣው በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን መንዝ ስንት ሰዓት ነው? እኛ የገዛ ሙታናችንን ወሬ ከሮም ጠበቅን።

አሁን ወደየቤታችን ልግባ። አያት ሲሞት ሣጥኑ ይከፈታል። ገንዘብና ጌጥ ይፈለጋል። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ይወጣል። አይጥ ጠርዙን በልቶታል፣ ጭስ አጥቁሮታል። «ይኼ ምን ያደርጋል» ይባልና ምድጃ ይገባል። ብዙ ቤት ሲሆን አይቻለሁ።

ያ ወረቀት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ብዙውን ጊዜ የግብር ደረሰኝ ነው፤ አለዚያም የርስት ክርክር ውሳኔ። የመሬቱ ስም አለበት። የከፋዩ ስም አለበት። አንዳንዴ መሬቱ የተመዘገበበት የአቅኚው አባት፣ ማለት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው፣ ስም አለ። ስንት ጋሻ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ዓመት፣ የማን ማኅተም፣ ሁሉም አለ። የውሳኔ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ተከራካሪው እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ከማን እንደሚወለድ ያስረዳበት ቃል ይኖረዋል። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ወረቀቱ ለክርክር አልጠቀመም። ስለዚህ ዋጋ የለውም ብለን ጣልነው። አንድ ገበሬ በመንዝ ወይም በተጉለት እንዴት እንደኖረ፣ ለማን እንደገበረ፣ ከማን ጋር እንደተሟገተ የሚነግረን ግን እሱ ነው። ዜና መዋዕል የንጉሥ ነው። የእኛ የጭሰኛና የባለ ርስት ልጆች ታሪክ ያለው እዚያ ጨርቅ ውስጥ ነው። እያቃጠልን ታሪካችንን ቀሙን እንላለን።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምራችሁ እንዲህ አድርጉ። በቤታችሁ አሮጌ ወረቀት ካለ አታጥቡት፣ በፕላስቲክ አታጣብቁት። ፊትና ጀርባውን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። የማን እንደነበረና ከየት እንደተገኘ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። አያት በሕይወት ካሉ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ጣልያን ሲገባ ቤተሰቡ የት ነበር፣ ማን ሸፈተ፣ ማን ባንዳ ሆነ፣ ሁሉንም ጠይቁ። የሚያሳፍረውንም ጠይቁ። ሲናገሩ አታርሟቸው።

መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከቦታው አታንቀሳቅሱት። አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ፣ የደብሩ ሰው ባለበት ፎቶ አንሱ። ብራና እገዛለሁ እያለ የሚዞር ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ለሰበካ ጉባኤው፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ለፖሊስም ተናገሩ። ሻጩ ዘመዳችሁ ቢሆንም ተናገሩ።