ገንዘቡ «ሦስት ሆናችሁ ኑ» ሲል

አውሮፓ ከከረመ ሀበሻ አርቲስት ጋር ቡና ስትጠጣ ሳትሰማው የማትነሳው አንድ ወሬ አለ። «እዚህ ተባብረው ይሠራሉ፣ እኛ እርስ በርስ እንጠላለፋለን።» ሰለቸኝ። ለልቅሶ ድንኳን በአንድ ሰዓት የሚተክል ሕዝብ መተባበር አያውቅም? እኔ እንዳየሁት ነገሩ ከፍቅር ሳይሆን ለአርት ሥራ ከሚሰጠው ገንዘብ አሰጣጥ ነው።

ብራስልስ ስካርቤክ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ የገበያ አዳራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ጥቂት ነፃ፣ ማለትም የመንግሥት ያልሆኑ፣ የባህል ማዕከሎች እዚያ ተሰብስበው ትራንስ ዩሮፕ ሆልስ የሚባለውን መረብ መሠረቱ። የዚያ ዘመን ቤቶች ታሪካቸው ይመሳሰላል። የአምስተርዳሙ ሜልክቬህ የወተት ፋብሪካ ነበር። የበርሊኑ ኡፋፋብሪክ ደግሞ የፊልም ማጠቢያና ማባዣ የነበረ ግቢ ነው፤ በ1979 ወጣቶች ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ያዙት፣ እስከ ዛሬም አለ፣ ዳቦ ቤት ሳይቀር አለው።

አሁን እነዚህን መሰል ቤቶች የሚያስተሳስራቸው ግን የወጣትነት ወኔ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ክሬቲቭ ዩሮፕ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ከ2021 እስከ 2027 ወደ 2.4 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦለታል። ለትንሹ የትብብር ፕሮጀክት፣ እስከ 200 ሺህ ዩሮ ለሚደርሰው ማለት ነው፣ ቢያንስ ከሦስት አገር ሦስት ድርጅት ሆነህ መቅረብ አለብህ። ለትልቁ አሥር። ብቻህን ከሄድክ በሩ አይከፈትም። እና የፈረንሳይዋ ማርሴይ ሰዎች የስሎቬኒያዋን ሉብልያና ሰዎች ወደዱም ጠሉም ስልክ ይደውሉላቸዋል። አንዳንዱ ሽርክና ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ስብሰባውም ማለቂያ የለውም። ቢሆንም ደጋግሞ ሲደዋወል ሰው ይተዋወቃል።

አዲስ አበባ ያለው ገንዘብ ተቃራኒውን ነው የሚያስተምረው። ኤምባሲ ወይም የውጭ የባህል ተቋም በአብዛኛው የሚደግፈው አንድ ዝግጅት ነው። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ አለቀ። ጎረቤትህ ያለው የአርቲስቶች ቤት እዚያው በር ላይ ከፊትህ የተሰለፈ ተፎካካሪ ይሆናል። ሁሉም የፈረንጁን ኢሜይል በቃሉ ያውቃል፣ የጎረቤቱን የኪራይ ውል ግን አያውቅም። ማን ይፈርድበታል?

ይህ የሚጎዳው ቤት ሲዘጋ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን መናፈሻው ውስጥ ነፃ አርት ቪሌጅ የሚባል የአርቲስቶች ቤት ነበር፤ ዛሬ እዚያ የለም። ፈንድቃን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። መላኩ በላይ ለጉርሻ እየጨፈረ፣ ባንኮኒ ስር እያደረ ያቆየው የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት፣ በኋላ ጋለሪም ጨምሮ የባህል ማዕከል የሆነው። በ2024 ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱም ከነበረበት ተነሳ። ስሙ ስለገነነ ሆቴል ውስጥ ቦታ አገኘ። ስም የሌለው ቤት ቢሆንስ?

ፈንድቃን ከአውሮፓ ጋር ካገናኙት አንዱ፣ ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ባንድ፣ ራሱ ከእነዚያ ሰው ገብቶ ከያዛቸው ባዶ ቤቶች የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጌታቸው መኩሪያን አምስተርዳም ጠርተው ከሳክስፎናቸው ጋር መድረክ ላይ አወጧቸው፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አብረው ዞሩ። ሙዚቀኛ ሙዚቀኛን ፈልጎ አገኘ፣ በቃ። እንዲህ ያለው መንገድ አዲስ አበባ ውስጥ ከካዛንቺስ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አለመኖሩ ነው የሚገርመኝ።

ሕጉ አይከለክልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ኅብረት እንዲመሠርቱ በግልጽ ይፈቅዳል።

የሚቀረው የገንዘቡ ነው፣ እዚህ ላይ እኛም አለንበት። ውጭ ያለነው እንደ ኤምባሲው ለአንድ ጓደኛ ለአንድ ኤግዚቢሽን እናዋጣለን። ለምን ሦስት ቤት ሆናችሁ ኑ አንልም? ፕሮጀክተሩ ማን ጋ ይቀመጣል፣ ሞንታርቦው ሲበላሽ ማን ያሠራል፣ አንዱ ቤት ቢፈርስ ሥዕሎቹ የት ይገባሉ፣ ይኼ ተጽፎ ሦስት ፊርማ ሲያርፍበት ገንዘቡ ይላክ። ጭቅጭቅ እንደሚኖረው አውቃለሁ፣ በተለይ የሞንታርቦው ጉዳይ።