ካርታው ወይስ ኮሚቴው

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ጀበና ቡና ይዘን አራት ሆነን ተቀምጠናል። ወሬውን ያመጣው ከቦሰት በሬ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ስለወጣበት በቆሎውም ቦሎቄውም ከእጁ ወጥቷል። ለተቸገረ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ሴፍቲኔት፣ ውስጥ ደግሞ አልተመዘገበም።

«ችግረኛ የሚመርጠው ኮሚቴ ሁለት በሬ አለህ አለኝ። ዛሬ አንዱን ከሸጥኩ ለከርሞ ይመዘግቡኝ ይሆናል» አለ። ሳቅን፤ ሲያስቡት ግን የሚያስቅ አይደለም።

አሜሪካ ቆይቶ የተመለሰው ወዳጃችን እዚያ የግጦሽ ድርቅ ድጋፍ በካርታ እንደሚከፈል ነገረን። «የድርቅ ካርታ በየሐሙሱ ይወጣል። ካውንቲው፣ የእኛን ወረዳ በሉት፣ አንድ ጥጉ እንኳ ቀይ፣ ማለትም ብርቱ ድርቅ፣ ከሆነ እዚያ የሚያግጥ አርቢ ሁሉ ማመልከት ይችላል። የጥቂት ወራት የመኖ ወጪው በ60 በመቶ ይሰላለታል።»

«ዝናብ የዘነበለትም?» አሉ ጡረታ የወጡት የግብርና ባለሙያ።

«እሱም።»

«ይኼማ ጉድ ነው! እኔ በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር ወረዳ ነበርኩ። ስም ዝርዝሩ ሕዝብ ፊት ይነበባል፤ እከሌማ ወፍጮ ቤት አለው የሚል ይነሣል። ጉልበት ያለው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይከፈለዋል። ካርታ ጧሪ የሌላትን አሮጊት ከየት ያውቃታል? ደግሞ ቦሰት ዝናቡ አንዱን ማሳ አጥግቦ ጎረቤቱን ዘሎት ይሄዳል።»

ወዳጃችን የቦረናን የከብት መድን አነሣ። ከ2004 ጀምሮ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያየ ክፍያው ይወሰናል፤ ስንት ከብት ሞተ ብሎ በየበረቱ የሚዞር የለም። ሽማግሌው አልተረቱም፤ «እሱ አርቢው ራሱ ዐረቦን የከፈለበት ነው፣ ዕርዳታ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ገበሬው ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ የእርስዎ ኮሚቴ አጣርቶ እስኪጨርስ ስንት ወር ይፈጃል?» አላቸው። ሽማግሌው ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን እያሉ ጀመሩና ስኒያቸውን አነሡ።

እኔ በዚህች ጥያቄ ወደ ካርታው ዞርኩ። በድርቅ ሁሉም ይሸጣል፤ በሬው ከስቷል፣ ዋጋው ወድቋል፣ እህሉ ተወዷል። ዝናብ ሲመለስ ያው በሬ አይቀመስም፤ ባለ አንድ በሬው መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል፣ የጎረቤቱ እስኪታረስ እርጥበቱ ያልፈዋል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ዕርዳታ ቀለብ ይሆናል እንጂ በሬ አይመልስም። ላልተቸገረ ጥቂት ብር ቢፈስ፣ ለእኔ በሬው ከሚሸጥ ይሻላል። በለመለመ ወረዳ መሐል ማሳው የደረቀበትን ካርታው አያየውም፤ እሱን ኮሚቴው ይፈልገው፣ ለዚህ ጊዜ ይኖረዋል።

ሽማግሌው አሁንም አልተስማሙም። ገበሬው ግን ገበያው ሳይበተን ብሎ ስኒውን ገልብጦ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ማዶ ሳየው ገመዱን ብቻ ይዞ ነበር።