እርማት፦ የሕፃን ዳሌ የሚወልቀው አዋላጅ ስለጎተተችው አይደለም

«ዳሌው የወለቀው ሲወለድ እግሩ ተጎትቶ ነው፤ ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለል ይመልሰዋል» የሚለው አስተያየት ሁለት ስህተት አለበት። ሁለተኛው ሕፃኑን ይጎዳል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማህፀን ውስጥ ነው። የጭን አጥንት ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ጥልቀት ያንሰዋል፣ ጅማቶቹም ይላላሉ። ይበልጥ የሚያሰጋው በመቀመጫው የመጣ ሕፃን ነው፣ በተለይ ጉልበቱ ተዘርግቶ እግሮቹ ወደ ፊቱ ከተነሡ። እንዲህ ያለው ሕፃን በቀዶ ሕክምና ቢወለድም ስጋቱ አይቀርም፤ በወራቱ መጨረሻ በማህፀን የቆየበት አቀማመጥ ዳሌውን ጫና ውስጥ ከቶታልና። ሴት መሆን፣ የመጀመሪያ ልጅ መሆን፣ የእንሽርት ውሃ ማነስ እና በወላጅ ወይም በእህት ወንድም ላይ መታየቱም ስጋቱን ይጨምራሉ። ግን ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ሕፃንም ሊያጋጥመው ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ዋናው ነገር አጠቃለሉ ነው። እግር ተገጣጥሞ ቀጥ ብሎ ሲታሰር የአጥንቱ ራስ ገና ለስላሳ ከሆነው ጎድጓዳ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ከወገብ በታች ጨርቁ ሰፊ ይሁን፤ ጉልበቱ መታጠፍ፣ ጭኑም ወደ ጎን መከፈት አለበት።

በመቀመጫው የመጣ ሕፃን የእጅ ምርመራው ደህና ቢሆንም በ6ኛው ሳምንት ግድም የዳሌ አልትራሳውንድ ይነሣ። ሕመም ስለሌለው ልቅሶ አትጠብቁ፤ አንዱ ጭን ከሌላው ያነሰ ከተከፈተ ወይም አንዱ እግር ካጠረ ሐኪም ይየው። ከ6 ወር በፊት ከተገኘ ብዙ ጊዜ ጭኑን አጥፎ በሚከፍት ለስላሳ ማሰሪያ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።