ታድለሽ አሉኝ!

ዛሬስ በቃኝ! ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አንቺማ ታድለሽ፣ ወፍ እያየሽ በኪሮሽ ክር ትጎትቻለሽ» አትለኝም? ታድዬ? የወገቤ ዲስክ ተንሸራቶ ጎንበስ ማለት ያቃተኝ ሴትዮ! ጫማዬን እንኳ ልጄ ናት የምታስርልኝ። በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ወገቤን በመቀነት ጠፍንጌ የምውለው ለፋሽን መሰላችሁ?

ትእዛዙ ደግሞ! «ከተቀመጥሽ አይቀር ለልጄ ሹራብ።» «ለሶፋዬ ዳንቴል።» የክሩንስ ዋጋ ማን ጠየቀ? ወገቤስ ከግማሽ ሰዓት በላይ መች ያስቀምጠኛል?

ዘንባባው ላይ ያለው ቢጫ ወፍ ቅጠል እየሰነጠቀ ጎጆ ሲሠራ «ወይ ታታሪነት!» ይባልለታል። (ሠሪው ወንዱ ነው፤ ሴቷ አይታ ካልጣማት ጥላው ትሄዳለች። ጎሽ!) እኔ ስሠራ ግን ሥራ ፈት።

ነገ ብቅ ትበልና ኪሮሹን አስጨብጣታለሁ። ወገቤንም ጨምሬ!